ሁለት መስኮት፣ አንድ መሳቢያ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ከተረት ሁሉ ይህንን አስበልጣ ትወዳለች፤ ስትቆርጥም ስትሰፋም ከአፏ አይጠፋም። ሰው ሁሉ የሥራ መሣሪያ አለው፣ የእሷ መቀስና ጥርጣሬ ናቸው። ደንበኛ ለልኬት ሲመጣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ከቆመ ወዲያው ትነቃበታለች። "ተንፍስ ጌታዬ፣ ሱሪውን የምትለብሰው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም" ትለዋለች። እንዲህ ያለች ሴት የባሏን የደሞዝ ወረቀት ሳታነብ ትቀራለች ማለት ዘበት ነው።

ባሏ በውሃ ክፍያ ቢሮ ገንዘብ ተቀባይ ነው። አሥራ አራት ዓመት ከአንድ መስኮት ኋላ ተቀምጧል። ቢሮው ሁለት መስኮት አለው፣ መሳቢያው ግን አንድ ነው። ድሮ ቢሮው ሲከፈት ሁለተኛ ጠረጴዛ ለመግዛት እጃቸው አጥሮ፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ በሁለቱ መስኮቶች መካከል አጋድመው ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው፤ በዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ከዚያው መሳቢያ መልስ ያወጣሉ፣ እዚያው ይከታሉ፣ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ አብረው ቆጥረው አብረው ይፈርማሉ። ሲጎድል ማን አጎደለው ተብሎ አይጠየቅም፤ ለሁለት ተካፍሎ ከሁለቱም ደሞዝ ይቆረጣል። ትርፍ ከተገኘ ግን የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሲጎድል የእናንተ፣ ሲተርፍ የእኛ። ሠራተኞቹ ይህን እያነሱ ይስቃሉ፤ ከመሳቅ በቀር ምን ያደርጋሉ?

ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ የተቆረጠበት ሁሉ ቢደመር የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ አይሞላም ነበር። ከዚያ አንድ ወር ሁለት መቶ ተቆረጠ። ሰፊዋ አለፈችው። በሚቀጥለው ሦስት መቶ ሃምሳ። በሦስተኛው ስድስት መቶ ሲሆን ወረቀቱን ከስፌት መኪናዋ መብራት ሥር ዘረጋችው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጉድለት ነው" አለ ባሏ።

"ማን ያጎደለው?"

"መሳቢያው የጋራ ነው። በምን ይታወቃል?"

"አጠገብህ የሚቀመጡት ሽማግሌ እጃቸው ደከመ እንዴ?"

"እሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆዩ። አዲስ ሰው መጥቷል ብዬሽ አልነበር?"

ብሏት ነበር፣ እውነት ነው። አዲስ ሰው ብሏት ነበር። ያ አዲስ ሰው ሴት መሆኗን ግን ያን ቀን ነው የሰማችው፣ ያውም አራት ጊዜ ጠይቃ። እንግዲህ ፍረዱ፤ አንድ ወንድ ከጠዋት እስከ ማታ ክርኑ ከሴት ክርን ጋር እየተነካካ ሲውል፣ ለሚስቱ "ሰው" ብሎ ያልፈዋል? ሰፊዋ እሳት ለበሰች፣ ግን ጥርሷን ነክሳ ዋጥ አደረገችው። ማስረጃ ሳይዙ መጮኽ ተጠርጣሪን ማባረር ነው ብላ ታምናለች።

ማስረጃው ደግሞ መፈለግም አላስፈለገውም፣ በራሱ እግር ነው የመጣው። ባሏ ስልኩን ሲያይ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ወደ ቤቱ መስኮት ዞሮ፣ አፍንጫው ላይ ለጥፎ ሆነ። ቤት የሚገባበት ሰዓት ገፋ። በአቋራጩ አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ ትቶ በዋናው ጎዳና ይዞራል አሉ ጎረቤቶች፤ ማንን ሊሸኝ? አዲስ ቀሚስ ሰፍታ ለብሳ ፊቱ ብትቆም "ያምራል" ይላታል፣ ቀሚሱንም እሷንም ሳያይ። ዓይን ለዓይን መተያየት ቀረ። ሲያወራት ከጆሮዋ አጠገብ ያለ ሌላ ሰው የሚያናግር ነው የሚመስለው። የበደለ ሰው ዓይኑን ይሰብራል፣ ይህን ማንም ያውቃል። ሸሚዙን ስታጥብ ማሽተት ጀመረች። የወረቀትና የቀለም ሽታ ብቻ ነው ያገኘችው፤ እሱም አናደዳት።

ታላቅ እህቷ ዘንድ ሄዳ ሆዷን ዘረገፈች። "እታለም፣ ባሌን ተነጠቅሁ። ባሌ ብቻ መች ሆነ፣ ገንዘቤም አብሮ ሄደ።"

እህትየው ሳቋን መደበቅ አልቻለችም። "አንቺ ደግሞ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ። ሰውየው ደክሞት ይሆናላ! ቁጭ አድርገሽ በደንብ ጠይቂው።"

"ጠይቄ ምን ሊለኝ? ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።"

"ቅጠሉን ስትፈልጊ ቤቱን እንዳታቃጥይ ብቻ" አለች እህትየው። ሰፊዋ ግን ጆሮዋን ይዛ አልመጣችም ነበር፣ አፏን ብቻ ነው ይዛ የመጣችው።

በአምስተኛው ወር ዘጠኝ መቶ ተቆረጠ፤ የቤት ኪራዩ ሲሶ። ያን ጊዜ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ፣ የጎረቤት የውሃ ሂሳብ ወረቀት ለምና ይዛ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ወደ ቢሮው ሄደች። ተራ ቁጥር ወሰደችና ከምሰሶው ጥግ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ቁጥሯ ሲጠራ አልተነሳችም።

ሴትየዋን አየቻት። የጠበቀችው ኩል የተኳለች፣ ሳቂታ፣ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። እዚያ የተቀመጠችው ግን አርባን የተጠጋች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ የለቀቀች፣ የሸሚዟ ኮሌታ እንኳን በደንብ ያልተገለበጠ ሴት ናት። ከንፈሯ ቀለም አያውቅም። ሰፊዋ መጀመሪያ ትንፋሿ መለስ አለ። ወዲያው ግን ሐሳቧን ቀየረች። ቆንጆ ብትሆን ይሻል ነበር። ለመልክ የሄደ ወንድ ሲሰለቸው ይመለሳል፤ መልክ ለሌላት ሴት የሄደ ግን ልቡ ነው የሄደው፣ ልብ ደግሞ በምን ይመለሳል?

ከዚያ ያን ነገር አየች። አንድ ሽማግሌ ከፍለው መልሳቸውን እየጠበቁ ነበር። ባሏ ከመሳቢያው ኖት አውጥቶ ሊያቀብላቸው ሲል፣ ሴትየዋ በቀኝ እጇ የራሷን ደረሰኝ መጻፍ ሳታቋርጥ፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ ግራ እጇን በእጁ አንጓ ላይ አሳረፈች። ባሏ ቆመ። ሴትየዋ ከእጁ አንዱን ኖት ወሰደችና ሌላ ሰጠችው። ባሏ ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ ሰፊዋ ስንት ወር እንዳላየቻት እሷ ታውቃለች። ቤቷ ውስጥ የጠፋች ፈገግታ እዚህ ለሕዝብ ትታደላለች።

እስከ ምሳ ሰዓት አራት ጊዜ ያዘችው። ሰፊዋ በጣቷ ቆጠረች። ያችን እጅ እንጂ ኖቱን ልብ አላለችውም። የተቀያየረው ምን እንደሆነ አንዴ እንኳን ብትመለከት ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ቅናት ግን መርጦ ነው የሚያሳየው።

"እጁን ትይዛለች፣ ከእጁ ላይ ገንዘብ ትቀበላለች!" አለች ለራሷ ወደ ቤት ስትሮጥ። "በአንድ እጅ ባል፣ በሌላው መሳቢያ! ጉድለቱን ደግሞ የእኔ ልጆች ይከፍላሉ!"

ማታውን ቁጭ ብላ ጻፈች። "ለተከበሩ የቢሮው ኃላፊ። ባለቤቴ በሌላ ሰው እጅ ጥፋት፣ ከልጆቹ አፍ እየነጠቀ የማያውቀውን ጉድለት ይከፍላል። መሳቢያቸው ይለያይልኝ፣ እያንዳንዱም ለራሱ ይጠየቅ። የሁለተኛዋ መስኮት ሠራተኛ እጅም ይታይ።" የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዛ ሁለት ጊዜ መለሰቻት። በማግስቱ ደብዳቤውን ራሷ ወሰደች።

ኃላፊው ራሳቸውን በመሐረብ የሚጠርጉ ወፍራም ሰው ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ እንደ መገላገል ዓይነት ተነፈሱ።

"እውነትዎን ነው፣ እመቤቴ። ሂሳብ መርማሪዎቹም ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲነግሩኝ ነበር። ሰነፉ እኔ ነኝ። በየራስ መሳቢያ፣ በየራስ ጉድለት! አለቀ።"

አለቀ ያሉት አለቀ። በአሥር ቀን ውስጥ አናጢ መጥቶ ያን ሰፊ ጠረጴዛ ለሁለት ከፈለው፣ ሁለተኛ መሳቢያ ገጠመለት፣ በሁለቱ መካከል ከወገብ እስከ ራስ የሚደርስ ሰሌዳ አቆመ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁልፍ ተሰጣቸው።

ባሏ ያን ቀን ቤት ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆመ። "አንቺ ነሽ አሉ የጻፍሽው።"

"እኔ ነኝ። አጠፋሁ?"

"ሳትጠይቂኝ?"

"ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር?"

ራት ቀርቦለት አልቀመሰም። ግድግዳውን ተደግፎ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሎ አመሸ። ሰፊዋ ሳህኑን ስታነሳ "አያችሁ፣ ለያየኋቸው ብሎ እኮ ነው ሐዘን የተቀመጠው" አለች በልቧ። ድል አደረገች ማለት ነው። ግን ባሏ ለሌላ ሴት ሐዘን ሲቀመጥ ማየት ምን ዓይነት ድል ነው? እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ወር ረጅም ነበር። ባሏ ድሮውንም ብዙ አይናገርም፣ አሁን ጭራሽ ዘጋ። ማለዳ ማንም ሳይቀድመው ይወጣል፣ ሲመለስ ግንባሩን ይዞ ይጋደማል። ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሰፊዋ የደሞዝ ቀንን በጉጉት ጠበቀች፤ ጉድለቱ ዜሮ ሲሆን ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ልትለጥፈው ነበር።

የደሞዝ ቀን መጣ። ባሏ ወረቀት አልሰጣትም። ሲተኛ ጠብቃ የጃኬቱን ኪስ ፈተሸች፤ ይህ እንኳን አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት ወረቀት አገኘች። አንደኛው የደሞዝ ነው፤ ጉድለት፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ። ሁለተኛው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። በአንደኛው መስኮት መሳቢያ በአንድ ወር ይህን ያህል መጉደሉን፣ ከሁለተኛው መስኮት ግን አንድ ሳንቲም አለመጉደሉን ይናገራል። ሠራተኛው እስከ ሰኞ ድረስ በጽሑፍ ካላስረዳ ነገሩ እንደ ስርቆት ተቆጥሮ ከሥራ ይሰናበታል፣ በሕግም ይጠየቃል ይላል።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አራት ዓመት ሠርቶ ሌባ ሊባል ነው። እንዲያም ሆኖ፣ ማመን ያስቸግራል እንጂ፣ መጀመሪያ ወደ አእምሮዋ የመጣችው ያችው ሴት ነበረች። "ተበቀለችው! የለየሁባትን በእሱ ተወጣችው!"

ማግስቱ ዓርብ ነበር። በምሳ ሰዓት ከቢሮው ጓሮ፣ ቧንቧው ዘንድ፣ ሴትየዋ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም በሳሙና ስታሽ አገኘቻት።

"የባሌን መሳቢያ ምን እያደረግሽው ነው?" አለቻት ሰላምታ እንኳን ሳትሰጣት።

ሴትየዋ ዞራ አየቻት፤ አልደነገጠችም። "ደብዳቤ ጸሐፊዋ ነሽ። ያን ቀንም ምሰሶው ጥግ ነበርሽ። ቁጥርሽ ሲጠራ አልተነሳሽም።"

"የጠየቅኩሽን መልሺ!"

"ምን ላደርገው እችላለሁ? መካከላችን ሰሌዳ ቆሟል፣ እጄ አይደርስም። ችግሩም ይኸው ነው፣ እህቴ። እጄ አይደርስም።" ውሃውን ዘጋችው። "ባልሽ እኮ አያይም።"

ሰፊዋ የሰማችው ነገር አልገባትም። "ምኑን ነው የማያየው?"

"ገንዘቡን። ባለ ሃምሳውና ባለ ሁለት መቶው ትንሽ ካረጁ ለእሱ አንድ ናቸው። በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ነው የሚለያቸው። ሰልፉ ሲበዛ ደግሞ መዳበሻ ጊዜ የለም። ሃምሳ መልስ የሚጠብቅ ሰው ሁለት መቶ ሲሰጠው ማነው 'ተሳስተሃል' ብሎ የሚመልስ? የደረስኩበትን እጁን ይዤ አስመልሰው ነበር፤ ያመለጠኝን ለሁለት ከፈልን።"

"አምስት ወር ሙሉ... ግማሹን አንቺ?"

"መሳቢያው የጋራ ነው ብዬ ፈርሜ የለ? ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ስሳሳት አንድ ቀን ድምፁን ሳያነሳ። ብናገር ከመስኮት ያነሱታል፣ ለጡረታው ስድስት ዓመት ቀርቶታል። እኔም ግን ልጆች አሉኝ። ቀላል እንዳይመስልሽ።"

ሰፊዋ የምትይዘው ነገር አጥታ የቧንቧውን ጫፍ ያዘች። ስልኩ አፍንጫው ላይ፣ ፊቱ ወደ ብርሃን። መብራት ያለበት ዋናው ጎዳና። ሳይታይ "ያምራል" የተባለው ቀሚስ። አንድ በአንድ መጡና ፊቷ ቆሙ። አፍራ መሬት ብትገባ በወደደች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች። "ደብዳቤ ልጻፍ፣ መሳቢያው እንደገና አንድ ይሁን ብዬ። ኃላፊውን እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናለሁ።"

"አይሆንም። የእኔ ፊርማ ያስፈልገዋል፣ እኔ ደግሞ አልፈርምም።" ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ድምፅዋ አልከረረም፣ የደከማት ሰው ድምፅ ነው። "እጇ ይታይ ብለሽ ስለጻፍሽ ሁለት ሳምንት በደንበኛ ፊት ቦርሳዬ ሲፈተሽ ከረመ። ከዚህ ወዲያ የሰው ግማሽ አልሸከምም። ይልቅ ሂጂና ሰኞ ጠዋት ራሱ ቀርቦ ይናገር በይው። መስኮቱን ያጣል፣ ሌላ ሥራ ይሰጡት ይሆናል። ሌባ ከሚባል አያይም ቢባል ይሻለዋል። ዓይኑም ሞራ ነው የሚመስለኝ፣ ሐኪም ይገፍፈዋል።"

ይህን ብላ ምሳዋን ልትበላ ገባች።

ሰፊዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ ማልቀስ አምሯት እንባ እምቢ አላት። ማፈሩን አፍራለች፣ ጸጸቱም አለ፤ በገዛ እጇ ነው ባሏን ለብቻው ያስቀረችው፣ በገዛ እጇ ነው ከሌባ ተራ ያሰለፈችው። ግን ከዚያ ሁሉ ሥር ያ አሮጌ ነገር አልበረደም። እንዲያውም አሁን ነው የባሰበት። ቢያቅፋት ኖሮ ትሰድበው ነበር፣ ታለቅስ ነበር፣ ጎረቤት ትሰበስብበት ነበር። ይሄኛውን ምን ብላ ትሰድበዋለች? ዓይኑ መፍዘዙን፣ መፍራቱን፣ በየቀኑ እየዳበሰ መዋሉን፣ አንዲት ኮሌታዋ ያልተቃና ሴት ከእሷ በፊት አወቀች። ከምስጢር ሁሉ የቀረበውን ምስጢር ለሌላ ሰው ሰጠው። ሰፊዋ መንገዱን ሙሉ ከዚህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም።

ባሏ ከሥራ ሲመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በሩ ክፍት ነበር። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችው። ቆሞ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ፣ አሁንም ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ሳያነብ ወረቀቱን ያሰረጎደውን ማኅተም በጣቱ ነክቶ አወቀው።

"አገኘሽው" አለ።

"ሴትየዋን አነጋገርኳት። ሁሉን ነገረችኝ።"

ወንበሩን ዳብሶ ተቀመጠ።

"ሰኞ አብሬህ እሄዳለሁ" አለች። "ኃላፊው ፊት ቆመን እውነቱን እንናገራለን። የጻፍኩትንም እኔው አነሳለሁ። ገንዘቡን ሌት ተቀን ሰፍቼ እንከፍለዋለን። ሐኪምም እንሄዳለን።"

"እሺ።"

"ለምን ደበቅከኝ?"

"ፈራሁ። ዛሬ ልንገራት፣ ነገ ልንገራት እያልኩ... ልነግርሽ ቀና ስል አንቺ ሸሚዜን ታሸቻለሽ።"

ዋጠችው፤ እውነት ነውና። ግን አንዷ ነገር አልዋጥ አለቻት፣ አስቀርታ ማደርም አልቻለችም።

"እሺ፣ እኔን ፈራህ። ለእሷስ? ለእሷ እንዴት ነገርካት? ምን ብለህ ጀመርክ? እኔ ሚስትህ ተቀምጬ ለእሷ እንዴት አፍህ ተከፈተ?"

ባሏ ፊቱን ድምፅዋ ወደመጣበት አዞረ። ግራ የተጋባ መሰለ።

"ለእሷ? ለእሷ እኮ አልነገርኳትም" አለ። "ለማንም አልነገርኩም። ራሷ አይታ ነው ያወቀችው።"

ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ኪሱን፣ ስልኩን፣ ሸሚዙን፣ መንገዱን ሁሉ ስትጠብቅ የከረመችው ሴት ሄዳ ፊቱ ቆመች፤ አገጩን ይዛ ቀና አደረገችና በበሩ ብርሃን ዓይኖቹን አየች። በሁለቱም ብሌኖች ላይ ውሃ የበዛበት ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ተጋርዷል፤ ማንም ቀና ብሎ ያየ ሰው የሚያየው። ከመቼ ጀምሮ እንዳለ አታውቅም።